ማን ላከሽ?

ሽሮ ሜዳ፣ ከባህል ልብስ ሱቆቹ ጀርባ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አንዲት ባልቴት ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። እኔ ያኔ በጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ ከወጣሁ ዓመት ያልሞላኝ፣ ብዕር ብቻውን እንጀራ እንደማይሆን ገና መረዳት የጀመርኩ ልጅ ነበርኩ። ስለዚህም በቀን አበል መጠይቅ የማስሞላት ሥራ ይዤ ነበር። የማን ሥራ እንደነበረ ማንሳቱ ለዚህ ጽሑፍ አይጠቅምም። አንገቴ ላይ ባጅ፣ ክንዴ ላይ የወረቀት ሰሌዳ፣ እጄ ላይ እርሳስ። «እንደምን ዋሉ እናቴ፤ ጥቂት ጥያቄ ልጠይቅዎት ነበር» አልኳቸው። በርጩማ አስጠጉልኝ።

ከጥያቄዎቹ አንዱ እንዲህ ይላል፤ «በአጠቃላይ አገሪቱ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ እየሄደች ነው ወይስ ወደ ተሳሳተው?» እንዝርታቸውን አቁመው አዩኝ። «አገር ደግሞ ትሄዳለች እንዴ ልጄ? የምንሄደውስ እኛ» አሉ። ቃል መለወጥ አይፈቀድልንምና እንዳለ ደግሜ አነበብኩላቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እግዜር ያውቃል» አሉኝ። ቀጠል አድርገውም፣ «ለመሆኑ ማን ላከሽ?»

ወረቀቴ ላይ አራት ሳጥኖች ነበሩ። «ትክክለኛ»፣ «የተሳሳተ»፣ «አላውቅም»፣ «መልስ ለመስጠት አልፈለጉም»። «እግዜር ያውቃል» የሚል ሳጥን የለም። አንባቢዬ እንደሚያውቀው ደግሞ «እግዜር ያውቃል» ማለት «አላውቅም» ማለት አይደለም። አንዳንዴ ነው። አንዳንዴ ግን «አውቃለሁ፤ ለአንቺ አልነግርሽም፤ የማልነግርሽ ለምን እንደሆነም አንቺው ታውቂዋለሽ» ማለት ነው። አንዳንዴም እንዲሁ ጸሎት ነው። የትኛው እንደነበረ ከፊታቸው ላይ ማንበብ አልቻልኩም። «አላውቅም» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግሁና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ። በገጹ ራስ ላይ አስቀድሜ ሞልቻለሁ፤ ጾታ፣ ሴት፤ ዕድሜ፣ ከ60 በላይ፤ ትምህርት፣ ያልተማሩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይከተለኛል። ሰው ስለ አገሩ ሲጠየቅ የሚመልሰው ማነው? ራሱ ነው ወይስ የተመዘገበበት ክፍል? ጠያቂውስ በዚያ መልስ ምን የማድረግ መብት አለው?

የባልቴቷን ጥያቄ በቁም ነገር የያዙት ሰዎች እንዳሉ ያወቅሁት ኋላ ነው። አፍሮባሮሜትር የተባለው፣ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ተቋም፣ መጠይቁን የሚዘጋው በዚሁ በእሳቸው ጥያቄ ነው። ስለ ፕሬዚዳንቱ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ጉቦው፣ ስለ ምርጫው ሁሉ ተጠይቆ ሲያበቃ ተጠያቂው «እኛን ማን የላከን ይመስልዎታል?» ይባላል። መግቢያው ላይ ማን እንደላካቸው በግልጽ ተነግሮታል፤ ብዙው ሰው ግን «መንግሥት» ብሎ ይመልሳል። «መንግሥት ልኳቸዋል» ብሎ የሚያምን ሰውም መልሱ ወደ መንግሥት የማድላት አዝማሚያ እንዳለው ያሳዩ ጥናቶች አሉ። በአገራችን በ2013 እ.ኤ.አ. የተካሄደው ጥናት ሕዝቡ ስለ ዲሞክራሲያችን ያለው አስተያየት እጅግ ያማረ ሆኖ ሲገኝ፣ ውጤቱን በ2016 የተነተኑት ባለሙያዎች ግራ ገብቷቸው ግራ መጋባታቸውን የጽሑፋቸው ርዕስ አደረጉት። ፍርሃት ነው? አለማወቅ ነው? ወይስ ስለ ዲሞክራሲ ያላቸው አረዳድ የተለየ ሆኖ ነው? እኔ ይህን ርዕስ ሳነብ የታየችኝ እንዝርቷ ናት።

እርግጥ አባቶቻችን ለዚህ ነገር የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። «እረኛ ምን አለ?» ይሉ ነበር። እረኛው የሚያንጎራጉረው ማንም ሳይጠይቀው ነው። ዕድሜውና ወገኑ አይመዘገብም፤ «ማን ላከህ?» የሚለውም የለም። ውበቱ እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ዘዴው ለሹም የተመቸ ነበር ማለትም ይቻላል። ሹሙ ያልወደደውን እረኛ «አልሰማሁም» ሊል ይችላል። አንዱ እረኛ ያንጎራጎረውን ሌሎቹ ዘጠኝ እረኞች ይስማሙበት አይስማሙበት ማን ያውቃል? እንግዲህ መቁጠር ግድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ሕዝብን በክፍል በክፍል ከፋፍሎ መቁጠር ሙያ ሆኖ የደረጀው አሜሪካ ውስጥ ነው። አነሳሱም ክፋት አልነበረበትም። በ1936 እ.ኤ.አ. «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለ ታዋቂ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች ወረቀት ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበና «ፕሬዚዳንት የሚሆነው አልፍ ላንደን ነው» ብሎ ተነበየ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠርጎ አሸነፈ። መጽሔቱ በሁለት ዓመቱ ተዘጋ። ነገሩ ወዲህ ነው። ስሞቹ በአብዛኛው የተለቀሙት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለንብረቶች መዝገብ ነበር። በዚያ የድቀት ዘመን ስልክና መኪና ያለው ሰው ማን እንደነበረ መገመት አያዳግትም። ወረቀቱን ሞልቶ የመለሰውም ቢሆን አብዛኛው ሩዝቬልት ላይ ቂም የያዘ ነበር። በጣም ያነሰ ሰው የጠየቀው ጆርጅ ጋሎፕ ግን አሸናፊውን አገኘ፤ ድሃውን፣ ገበሬውን፣ የከተማ ሠራተኛውን በየድርሻው ፈልጎ አስገብቷልና። ስለዚህ ይህ ዛሬ «ሴቶች ይህን ያህል ከመቶ፣ ወጣቶች ይህን ያህል ከመቶ፣ የገጠር መራጮች ይህን ያህል ከመቶ» እያለ የሚያሰለቸን ሰንጠረዥ ሲወለድ ያልተጠየቀውን ድሃ ፈልጎ ለመጠየቅ ነበር። ይህን ሳልናገር ብቀር ፍርዴ የተዛባ ይሆንብኛል።

ሆኖም የተጠየቀው ሰው ሁሉ በእርግጥ ስለተጠየቀው ነገር ሐሳብ አለው ወይ? ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ፒየር ቡርዲዮ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ «የሕዝብ አስተያየት የሚባል ነገር የለም» እስከ ማለት ደርሷል። ክርክሩ፣ መጠይቅ ሦስት ነገሮችን ሳይመረምር እንደ እውነት ይወስዳል የሚል ነው። አንደኛ፣ ሁሉም ሰው ሐሳብ አለው፤ ሁለተኛ፣ ሐሳብ ሁሉ እኩል ክብደት አለው፤ ሦስተኛ፣ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ የትኛው እንደሆነ ሁላችንም ተስማምተናል። ሦስተኛው ባልቴቷን ያስታውሰኛል። እሳቸው ስለ አገር አካሄድ ጥያቄ አልነበራቸውም። ሌላ ጥያቄ ነበራቸው፤ እሱን የሚጠይቃቸው ወረቀት ግን አልያዝኩም።

ቡርዲዮ በክርክር ያለውን አሜሪካኖቹ በሙከራ አሳይተውታል። የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. «የ1975ቱን የሕዝብ ጉዳዮች አዋጅ ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ?» እያሉ ሰው ጠየቁ። እንዲህ ያለ አዋጅ ወጥቶ አያውቅም። ተመራማሪዎቹ ፈጥረውት ነው። ከተጠየቁት ውስጥ ሢሶ ያህሉ አቋማቸውን ገለጹ። ገና ላልተፀነሰ ልጅ ስም ሊያወጣ ጎረቤት ተሰበሰበ እንደ ማለት ነው። እዚህ ድረስ ያስቃል። በ1995 ግን የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ያንኑ ያልነበረ አዋጅ አንሥቶ ለግማሹ ተጠያቂ «ፕሬዚዳንት ክሊንተን ይሻር ብለዋል»፣ ለግማሹ ደግሞ «የምክር ቤቱ ሪፐብሊካኖች ይሻር ብለዋል» እያለ ጠየቀ። ዲሞክራቶቹ ወደ ክሊንተን፣ ሪፐብሊካኖቹ ወደ ሪፐብሊካኖቹ አዘነበሉ። ልብ በሉ፤ አዋጁ የለም። የሚደገፍም የሚነቀፍም አንቀጽ የለም። ያለው ወገን ብቻ ነው። ውጤቱ በጋዜጣ ቢወጣ «በአዋጁ ላይ የዲሞክራትና የሪፐብሊካን መራጮች አቋም ተለያየ» የሚል ቆንጆ ሰንጠረዥ ይሆናል።

በዚህ ላይ «ሰው ሞኝ ነው» ብሎ መሳቅ ቀላል ነው። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሰው ስለማያውቀው ነገር ሲጠየቅ ወደሚያምነው ሰው ዞር ብሎ ማየቱ ነውር አይደለም፤ እኛም ሁላችን የምናደርገው ነው። ነውሩ ያለው ከመልሱ ላይ አይመስለኝም። ነውሩ ያለው መልሱ በሚመለስበት መንገድ ላይ ነው። ከሰው ወደ ሰንጠረዥ የሄደው ቁጥር ተመልሶ ከሰንጠረዥ ወደ ሰው ሲመጣ ትእዛዝ ሆኖ ይመጣል።

የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ውስጥ ታክሲ ይነዳል። ዜግነት ካገኘ በኋላ በ2020 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ መረጠ። ከምርጫው በፊት በስልክ መጠይቅ ደረሰው፤ ዘሩን ሲጠየቅ «ሐበሻ» አለ። ጠያቂዋ እንደዚያ የሚል ሳጥን አልነበራትም። «ጥቁር ልበል?» አለችው። «እሺ በይ» አላት። እዚህ አገር ሳለ የቀበሌ መታወቂያው ላይ ብሔር የሚል መስመር ነበረበት፤ እዚያ ሲሞላው የኖረው መስመር እዚህኛው ሳጥን ውስጥ አይገባም። የመረጠው ባይደንን ነው። ድምፅ ሰጥተው ሲወጡ ከተጠየቁት ጥቁር መራጮች 87 ከመቶ ያህሉ ባይደንን እንደመረጡ ተዘግቧል፤ ስለዚህ ወንድሜ ከብዙኃኑ ጋር ነው፤ የሚያጨቃጭቀውም የለም። ነገር ግን በዚያው ዓመት በግንቦት ወር አንድ የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ ባይደን፣ በእኔና በትራምፕ መካከል ለመምረጥ የምትቸገሩ ከሆነ እናንተ ጥቁር አይደላችሁም የሚል አነጋገር ወረወሩ። በዚያው ቀን ይቅርታ ጠይቀዋል። ወንድሜ ግን እስከ ዛሬ አልዋጥ ብሎታል። «የምሰጠውን ድምፅ ነው የቀሙኝ» ይላል። «ልሰጣቸው ነበር እኮ። በገዛ እጄ ልሰጣቸው ያሰብኩትን ቀድመው ግዴታ አደረጉብኝ።»

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ቨርጂኒያ አገረ ገዥዋን ስትመርጥ፣ በሰሜኑ ጦርነት ላይ የባይደን መንግሥት በያዘው አቋም የተቆጡ ኢትዮጵያውያን ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀሰቀሱ። ያንግኪን በ2 ከመቶ ገደማ ልዩነት አሸነፈ። ከዚያ በኋላ በየቡናው ቤት «ሐበሻው ገዥ አስመረጠ» ተባለ። የሐበሻው ድምፅ ለብቻው የተቆጠረበት ሰንጠረዥ ቀርቦ አላየሁም፤ ወሬው ግን ሰንጠረዥ አላስፈለገውም። የአክስቴ ልጅ ድምፁን የሰጠው ለተሸናፊው ነበር፤ ምክንያቱም የልጆቹ ትምህርት ቤት ጉዳይ ነው። ይህን ለጓደኞቹ ቢነግራቸው «አንተ ሐበሻ አይደለህም እንዴ?» አሉት። ስልክ ደውሎ ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር፤ ግን ሳቁ ደስ አይልም። «በፊተኛው ጥቁር ሆኜ ጠፋሁ፤ በኋለኛው ሐበሻ ሆኜ ጠፋሁ» አለኝ። እሱ ቢያንስ ከብዙኃኑ የወጣው አንዴ ነው። በዚያው ግዛት ጦርነቱ ቤተሰቡን የበላበት፣ ከዚህኛውም ከዚያኛውም ሰልፍ የቀረ፣ «ሐበሻው እንዲህ አለ» ሲባል ስሙ ያለፈቃዱ የሚጠራ ሌላም ስንት አለ።

ተቃራኒውም አለ፤ ብዙኃኑ አንዱን እንደሚውጠው ሁሉ አንዱም ብዙኃኑን ሊሆን ይችላል። በ2016 እ.ኤ.አ. የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲና የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ 3,000 ያህል ሰዎችን ደጋግመው እየጠየቁ የምርጫ ትንበያ ያወጡ ነበር። ወጣት ጥቁር ወንዶች በናሙናው ውስጥ ስላነሱ፣ ድርሻቸውን ለማሟላት ሲባል የአንድ ወጣት መልስ ከአማካይ ተጠያቂ 30 እጥፍ ያህል እንዲመዝን ተደረገ። ወጣቱ ደግሞ የትራምፕ ደጋፊ ሆኖ ተገኘ። እሱ መልስ በሰጠበት ሳምንት ትራምፕ በጥቁሮች ዘንድ ያላቸው ድጋፍ ይመነደጋል፤ ሳይመልስ በቀረበት ሳምንት ያሽቆለቁላል። ጉዳዩን ያጋለጠው የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ነው። እኔን የሚገርመኝ ይኸ ልጅ ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ የገዛ ሐሳቡን ተናገረ እንጂ ማንንም እወክላለሁ አላለም። ሕዝብ ያደረጉት እነሱ ናቸው።

እንግዲያስ በክፍል መቁጠሩ ይቅር? አንዳንድ ወዳጆቼ እንደዚያ ይላሉ። «ሕዝብ አንድ ነው፤ መከፋፈል ይብቃ» ይላሉ። እኔ ይህን ስሰማ የሚመጣብኝ 1979 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በጥር ወር የደርግ ሕገ መንግሥት ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ 81 ከመቶው እንደደገፈው ታወጀ። አንድ ቁጥር፣ አንድ «ሰፊው ሕዝብ»። ገበሬው ምን አለ? ልጇ ብሔራዊ ውትድርና የተወሰደባት እናት ምን አለች? የሚጠይቅ አልነበረም፤ ቢጠየቅም ቀበሌው ደጃፍ ላይ ቆሟል። በአራት ዓመቱ ሕገ መንግሥቱም ደርጉም አልነበሩም። ሕዝብን እንደ አንድ ሰው የሚያናግር ሁሉ መጨረሻ ላይ በሱ ፈንታ የሚናገር ራሱ ነው። ሰንጠረዡ ቢያንስ «ሁሉም አንድ አይደለም፤ ይኸው ሴቶቹ ከወንዶቹ፣ ገጠሬው ከከተሜው ተለይተዋል» ብሎ ያሳፍረዋል። ስለዚህ የሰንጠረዥ ጠላት አይደለሁም። ችግሬ ሌላ ነው፤ አሁን ሳልናገረው የማልፈው አይሆንም።

ያን ዕለት ማታ ወረቀታችንን ይዘን ተቆጣጣሪያችን ዘንድ ተሰበሰብን። የኔን ገለጥ ገለጥ አደረገና «አላውቅም በዝቷል» አለኝ። «አላውቅም የበዛበት ወረቀት የጠያቂው ስንፍና ነው። አስተካክለሽ አምጪ።» «አስተካክለሽ» ማለት ተመልሰሽ ጠይቂ ማለት እንደሆነ እሱም እኔም እናውቃለን። ሰዓቱ መሽቶ ነበር። ሽሮ ሜዳ ለመመለስ ታክሲው ሁለት ሰልፍ ነው። ያልተሟላ ወረቀት አበል አይከፈልበትም። ላጲሴን አወጣሁ።

የባልቴቷ ወረቀት ላይ ስደርስ ጥቂት አሰብኩ። ያን ቀን ያነጋገርኳቸው ሌሎች ሦስት እናቶች ነበሩ፤ እንደሳቸው ከ60 በላይ፣ እንደሳቸው ያልተማሩ። ሦስቱም «ትክክለኛ» ብለዋል። «እሳቸውም ያው ናቸው» አልኩ በልቤ። «አላውቅም» የሚለውን አጥፍቼ «ትክክለኛ» ላይ ምልክት አደረግሁ። የሚገርመው ነገር፣ እየዋሸሁ አልመሰለኝም። እየገመትኩ መሰለኝ። የቁጥር ባለሙያዎች ይህን የመሰለ ነገር በሥርዓት ይሠሩታል። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት ሰው ያላገኘበትን ቤት በጎረቤቱ ተመሳሳይነት ይሞላል፤ የዩታ ግዛት በዚህ ሰበብ አንድ የምክር ቤት ወንበር አጣሁ ብላ ከስሳ በ2002 እ.ኤ.አ. በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተረትታለች። ግን እነሱ ሞልተነዋል ብለው ይጽፋሉ። እኔ አልጻፍኩም። ደግሞም የሳቸው ቤት ባዶ አልነበረም። በርጩማ ሰጥተውኝ መልሰውልኛል።

ሪፖርቱ ከወራት በኋላ ሲወጣ አገኘሁት። ዕድሜያቸው የገፋና ያልተማሩ ሴቶች በአገሪቱ አካሄድ ከሌሎቹ ይልቅ ደስተኞች እንደሆኑ የሚገልጽ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበረበት። ምናልባት እውነት ይሆናል። ከእነዚያ ደስተኛ አሮጊቶች አንዷ ግን እኔ ነበርኩ፤ ያኔ ሃያዎቹን ገና ያጋመስኩት እኔ።

ዛሬ መጠይቁ በወረቀት ሳይሆን በእጅ ኮምፒውተር እንደሚሞላ፣ ጠያቂው የቆመበት ቦታና ሰዓቱ እንደሚመዘገብ ሰምቻለሁ፤ ላጲስ የሚሠራበት አይመስለኝም። ጥሩ ነው። እኔ ግን «ይህን ያህል ከመቶ የሚሆኑት ሴቶች» የሚል ዜና ባነበብኩ ቁጥር፣ ቁጥሩን አልፌ አንድ ሰው ፍለጋ እገባለሁ። አንዳንዴ ስለ ራሴ ክፍልም አነባለሁ፤ በሠላሳዎቹ ያለች፣ ከተሜ፣ ዲፕሎማ ያላት። ከምታስበው ነገር ግማሹን አስቤው አላውቅም።

ባልቴቷ «ማን ላከሽ?» ሲሉኝ የተማርኩትን መግቢያ በቃሌ ወጣሁላቸው፤ የድርጅቱን ስም፣ ዓላማውን፣ ስማቸው እንደማይጻፍ። እስክጨርስ አዳመጡኝና «እሱንስ አንገትሽ ላይ አንጠልጥለሽዋል» አሉ። «አንቺስ ልጄ? አንቺ ወዴት የምንሄድ ይመስልሻል?» የራሴን ሐሳብ መናገር እንደማይፈቀድልኝ ነገርኳቸው። እንዝርታቸውን መሶቡ ላይ አኖሩና ቡና ላፍላልሽ ብለው ተነሡ። ገና አራት ቤት ይቀረኝ ነበር። አልጠጣሁላቸውም።